ጨፌያችን ጭንጫ የተባለ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን የከተማው ገማቾች ሜትራቸውን እየጎተቱ ሰፈራችን ገቡ። መንገድ ሊሰፋ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ መንገድ ሊሰፋ ነው ሲባል ስሰማ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ያሁኑ ግን የምር ነው መሰለኝ፣ ቀይ የተቀባ ችካል ይዘው ነው የመጡት። መጀመሪያ የገቡት ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ ግቢ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። ጆሮዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በስልክ ቤት የሰው ወሬ ሲያገናኝ የኖረ ጆሮ ስለሆነ ጡረታ መውጣቱን አያውቅም፤ ሁሉንም ሰማሁ። አንደኛው ገማች፣ ገና ልጅ እግር የሆነ፣ «እማማ፣ ጓሮው ውስጥ ምን ምን አለ?» ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው። የእትዬ ከድጃ ጌሾ ጣራ አልፏል፤ ኮካቸው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፤ ጎመናቸውን እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። እሳቸው ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ኧረ ምን አለው ብለህ ነው ልጄ! ድንጋይ ነው፣ ወላሂ! እንዲያው ዶሮ መጫሪያ ነው።»

ልጁ እስክሪብቶውን አነሳ። በአጥሩ ቀዳዳ እንዴት እንደሾለክኩ እኔ አላውቅም። ሽንኩርት የላጥኩበትን እጄን እንኳ ሳልታጠብ መሐላቸው ገብቼ «እንዳትጽፍ!» አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት፣ ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «እትዬ ከድጃ፣ ያሉትን ይመልሱ!» «ምኑን ነው የምመልሰው?» «ድንጋይ ነው ያሉትን!» «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ለሰው ዓይን ልትሰጭኝ ነው?» አሉኝ። አያት ሆኜም ለሳቸው «አንቺ ልጅ» ነኝ። እኔም አልሰማኋቸውም፤ ገማቹን ክንዱን ይዤ ከጌሾው ወደ ኮኩ፣ ከኮኩ ወደ ጎመኑ እየጎተትኩ፣ በየደረስኩበት «ማሻ አላህ» እያልኩ ሁሉንም አስቆጠርኩት። ዛሬ ሕግ አለ፤ ተክሉ ይቆጠራል፣ ቤቱ ይለካል፣ ያልተስማማ ሰው ቅሬታ ያቀርባል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት፤ አይቼ እመሰክራለሁ። እትዬ ከድጃ ግን አኩርፈውኛል። ትናንት ጎመን ሰጥተውኛል፤ ነገር ግን በአጥር ላይ ወርውረው ነው የሰጡኝ።

ሰው ሁሉ «ሙሉ ምን ሆነች?» እያለ ነው። ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

ጨፌ የእርሻችን ስም ነበር። የኛ አገር ሰው ለበሬው ስም እንደሚያወጣ ለእርሻውም ስም ያወጣል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግርጌ፣ ዙሪያው ደረቅ ሆኖ መሐሉ ለምለም የሆነ ጎድጓዳ ቦታ ያገኝ ነበር። ከዓለቱ ሥር ምንጭ ይወጣል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲዘግኑት መዳፍ ላይ ይቀራል። አባቴ አያ ይመር ከአባቱ የወረሰው ርስት ነው። ሌላው ማሳችን ገብሱን በዓመት አንዴ ቢሰጠን አመስግነን እንቀበለዋለን፤ ጨፌ ግን በጋ ክረምት ሳይል ነጭ ሽንኩርትና ድንች ሲሰጥ ይኖራል፤ ዳር ዳሩ ጌሾ ነበር። አባዬ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤት አልነበረም፤ ወደ ጨፌ ነበር። እናቴ ወርቄ «ኸኔ በፊት እሷን አግብቶ ነበር መሰለኝ» እያለች ታሾፍበታለች። እሱም «እሷ አትነዘንዘኝም» ይላታል።

ነጭ ሽንኩርቱ ሲደርስ እማዬ እንደ ሹሩባ ትጎነጉነውና ለገበያ እንይዘዋለን። አንዱ ጉንጉን በስሙኒ ይሸጥ ነበር። ስሙኒ ዛሬ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያዩት ማን ጎንበስ ይላል? ያኔ ግን ስሙኒ ክብር ነበረው። በስሙኒ ጨውና በርበሬ ተገዝቶ ለከረሜላ የሚሆን መልስ ይተርፋል። የመጀመሪያዋ ኮንጎ ጫማዬ ከጨፌ ሽንኩርት የተገዛች ናት፤ ጎማዋ አዲስ ሲሆን የሚሸተው ሽታ አሁን እንኳ ባገኘው ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የቴትሮን ጉርድ መጣ፣ የናይለን ሻሽ መጣ። የወረኢሉ ነጋዴዎች በበቅሎ ያመጡት የነበረው ሻሽ ጠርዙ ላይ የብር ክር ነበረው፣ ያችን ያሰረች ልጅ አንገቷ አይታጠፍም። ገበያው መግቢያ ላይ አንድ ባለሱቅ የባትሪ ሬዲዮውን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥ ነበር። የአምባሰል ዜማ ሲመጣ እማዬ ጉንጉኑን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቀጥ ትላለች። «ወርቄ፣ ገዢ ሄደብሽ!» ይሏታል። «ይሂድ፣ ይቺ ትለቅ» ትላለች። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትም በጨፌ ነው። ሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችበት ቤት በኛ ሰፈር ብዙ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኛ ዘንድ ሰው ያለውን አያሞግስም። እናት ልጇን «ይቺ ኩሩምባ፣ ይቺ መልከ ጥፉ» ብላ ነው የምታስተዋውቀው። ላሟ ብዙ የምትታለብ ሰው «ለጥጃዋም አልበቃች» ይላል። የሰው ንብረት ያደነቀም ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «ማሻ አላህ» ሳይል አያልፍም፤ ካላለ ባለንብረቱ ቶሎ ብሎ ንብረቱን ማዋረድ አለበት፣ አለዚያ ዓይን ይበላዋል። ይህ ልማድ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ የግብር ሰብሳቢውም ዓይን አብሮ ይፈራበት እንደነበር አልክድም። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይሳሳትም ነበር። አንድ ሰው «ማሳዬ ጭንጫ ነው» ካለ ሰሚው «ጥሩ ማሳ አለው» ብሎ ይሄዳል። ጭንጫ ያልኳችሁ ደግሞ አፈሩ ያለቀ፣ ድንጋይ ብቻ የቀረው መሬት ነው።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። በልጉ ቀረ፣ ቀጥሎ ክረምቱም እንደነገሩ ሆነ። ከቆላው የተነሳ ሰው ልጁን አዝሎ ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ አንዳንዱ የተሸከመው ማረሻ ነበር፣ ምን ሊያርስበት እንደሆነ እንጃ። ገበያው ውስጥ የሚሸጠው እህል ሳይሆን የቤት ዕቃ ሆነ። የብር ክር ያለው ሻሽ በአንድ ቁና ገብስ ሲለወጥ አይቻለሁ። ሬዲዮው ግን ይዘፍን ነበር፣ ስለኛ አንድም ቃል አይናገርም። በዚያ ዓመት አካባቢው ሁሉ ሲነድ ጨፌ አረንጓዴ ነበረች። እማዬ ቀን ቀን ድንች በትልቁ ድስት ቀቅላ በራፍ ላይ ታስቀምጣለች፤ አባዬ «ይበቃል» ብሏት አያውቅም። የተራበ ሰው ሲበላ ማየት አይቻልምና ሰጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ቀን ላንድሮቨር መጣ። ጭቃ ሹሙ፣ ማለት የመንደራችን አለቃ፣ ፊት ፊት እየሮጠ «አያ ይመር! አያ ይመር! ኸደሴ የመጡ ገማቾች ናቸው!» አለ። ለረሀብተኛ እርዳታ የሚገባው እህል ማከማቻ መጋዘን ሊሠራ ነው፣ ለመንገድ የሚቀርብ ቦታ ሊመረጥ ነው። ለመንገድ የሚቀርብ ሌላ ቦታ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ባላባት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ደረቅ፣ ደልዳላ፣ በሬም የማይግጥበት። ገማቾቹ በዚያ በኩል አለፉ፣ ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ባላባቱ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዘመድ ነበራቸው፣ እኛ የነበረን ጭቃ ሹም ብቻ ነው።

የገማቾቹ አለቃ ሳፋሪ ኮት የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ጨፌ መሐል ገብቶ ቆመ። ሽንኩርቱ ጉልበቱ ጋ ደርሷል። መነጽሩን አወለቀና «በዚህ ዓመት! በዚህ ድርቅ! ምን ዓይነት ለም መሬት ነው!» ብሎ ጮኸ። ዘግኖ አፈሩን አሸተተው። «ማሻ አላህ» የለ፣ «እግዚአብሔር ይባርከው» የለ። ጭቃ ሹሙ እህ እህ ብሎ ሳለ። እማዬ ወደ ጎን ዞራ «ቱ! ቱ!» አለች። አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እህል በጠፋበት ዓመት፣ ለሰውም ለኛም የተረፈችውን አንዲት መሬት፣ እንግዳ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲህ ሲያሞግስበት! ተንደርድሮ ሄደና «ኧረ ምን ለም አለው ጌታዬ! ጭንጫ ነው! ኸሥሩ ድንጋይ ነው!» አለ። ሰውየው ዞሮ አየው። «ጭንጫ ነው?» «ጭንጫ ነው፣ ጌታዬ።» «ምን ያበቅላል?» «ምን ያበቅላል፣ አረም እንጂ!» የሽንኩርቱ ቅጠል የሰውየውን ሱሪ እየነካ ነው ይህ ሁሉ የሚባለው። አጠገቡ የነበረው ጸሐፊ ጻፈ።

ከዚያ ቤት ገቡ። እንግዳ ናቸውና እማዬ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችላቸው። ሳፋሪ ለባሹ እየላጠ ሲበላ «ግሩም ድንች ነው» አለ። የት እንደበቀለ ያውቃል፤ ቅድም የቆመበት ቦታ ነው። ወረቀቱን አወጡ፣ አባዬ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነበት። መንግሥት ማንበብ የማይችለውን ሰው ጣት ሲያስነክር ምን እንደሚል አያነብለትም ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩት ልጅ እዚያው ቤት ነበርኩ፤ «ላንብብለት» ብል ጸሐፊው አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሳፋሪ ለባሹን ግን እስከ ዛሬ አልማርኩትም። አባዬ ዓይን ፈርቶ ተናገረ እንበል። ሰውየውስ? በዓይኑ አይቷል፣ በአፍንጫው አሽትቷል፣ በጥርሱ አኝኳል። ያየውን ትቶ የሰማውን ያስጻፈው ምን ፈርቶ ነው?

ወዲያው የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ መጣ። ጭቃ ሹሙ ምድር ምድር እያየ «አያ ይመር፣ ልቀቅ ተብለሃል» አለው። አባዬ «ለረሀብተኛ ኸሆነ ይሁን» ነው ያለው። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ አባቴ አልሰጥም አላለም። የጠየቀው ምትኩን ነው። ሌላ ቦታ ለእርሻ የሚሆን መሬት ስጡኝ፣ የጌሾውንና የሰብሉን ግምት ክፈሉኝ ነው ያለው። የዚያን ጊዜውም ሕግ ቢሆን ለሕዝብ ጥቅም መሬቱ የሚወሰድበት ሰው ካሳ ያገኛል ይል እንደነበር በኋላ ተረድቻለሁ። የኛ ግን በዚያ «ጭንጫ» ምክንያት ጠፍ መሬት ተብሎ ተጽፏል። ጠፍ መሬት ደግሞ ካሳ የለውም።

በርኖሱን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው መዝገቡን ገለጥ አደረገና «ጭንጫ ነው ብለሃል እኮ» አለው።

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ጣትህን አኑረሃል።»

«አኑሬያለሁ። ዓይን ፈርቼ ነው። ሰውየው ማሻ አላህ ሳይሉ አደነቁብኝ። እንዴት ዝም ልበል?»

ሰውየው ሳቀ። ሌላውን ጠርቶ ነገረው፣ ያም ሳቀ። «የመንግሥት ሥራ በቡዳ አይፈርስም፣ አያ። ቃልህ ነው፣ በቃልህ ታስረሃል» አለው። አላስቻለኝም፤ «ሰውየው ሽንኩርቱ መሐል ቆሞ ነው ያስጻፈው! ድንቹን በልቷል!» አልኩ። «አንቺ ዝም በይ፣ እዚህ ስለ ድንች አይደለም የምንነጋገረው» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነው የበለጠ ያናደደኝ። መቃወሚያ ማቅረቢያ ጊዜ ነበረ፣ አልፏል አለን። አባዬ «መቼ ነበር?» ሲለው «አልተነገረህም?» ብሎ እሱ ራሱ ጠየቀን። እንግዲህ ለማን ሊነግሩት ኖሯል? ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ አባዬ «አብሽሪ ሙሉዬ፣ አብሽሪ» ይለኛል፤ የእሱ ጉንጭ ግን እንደኔው እርጥብ ነበር።

ሽንኩርቱን ሳይበስል ነቀሉት። ጌሾው ተቆርጦ የሠራተኛ ማገዶ ሆነ። ድንጋይ ተጋዘ፣ ሲሚንቶ ተቦካ። አባዬ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም፤ በየቀኑ እየሄደ ዳር ይቆማል። መሠረቱ ሲቆፈር ወደ ፎርማኑ ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ ኸሥሩ ውሃ አለ። ምንጩን ብትደፍኑት በሌላ በኩል ይመጣል። እህል ይበላሽባችኋል» አለው። ጥሩ ሰው ነበረ ፎርማኑ፣ አልተሳደበም። «አባባ፣ ወረቀቱ ጭንጫ ነው ይላል። ጭንጫ ደግሞ ለመሠረት ይመቻል» ብቻ አለው። «ወረቀቱን ተወውና እግርህን እየው» አለው አባዬ። ፎርማኑ እግሩን አየ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ገብቷል። «ምን ላድርግ? የታዘዝኩት ይህንን ነው» አለ።

ምንጩን በድንጋይ ደፍነው ወለሉን ለሰኑበት። ቆርቆሮው ከሩቅ ሲያበራ ያምር ነበር፣ መቼም አይካድም። እህሉ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ብዙ ነበር፣ የጭነት መኪናው ሲያጓራ ሕዝቡ እልል አለ። ጆንያው እስከ ጣራ ተከመረ። ማከፋፈሉ ትእዛዝ እስኪመጣ ይቆይ ተባለ። ትእዛዙ ሲጠበቅ፣ ያ የተደፈነ ምንጭ ወለሉን ከሥር ያረጥበው ጀመር። ከታች ያለው ጆንያ ጠቆረ፣ ከዚያ በላዩ ያለው በቀለ። ስንዴ በጆንያው ውስጥ ቡቃያ አወጣ! ሽታው እኛ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፤ የሻገተ ስንዴ ሽታ ጎምዛዛ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። አጥሩ ውጪ ሰው ተኝቷል። ልጅ ተኝቷል። አጥሩ ውስጥ እህል ይበሰብሳል። እማዬ የምትቀቅለው ድንች የለም፤ ድንቹ የነበረበት ቦታ ላይ መጋዘን ቆሟል። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወረቀቱን አስቀምጦ ባለቤቱን «እስቲ ንገረን፣ ይህ መሬት ምን ዓይነት ነው?» ብሎ በቅጡ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ! የባለቤት መብት የሚባለው ለባለቤቱ ብቻ የሚጠቅም የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እነዚያን ሰዎች የዚያን መጋዘን በር ከፍቼ ባሳየኋቸው።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። ሬዲዮው ዘፈኑን ትቶ ማርሽ ያዘ። ባለሱቁ ጥልፉን ከላዩ አነሳለት። ካኪ የለበሱ ተማሪዎች ከከተማ መጡ፣ በረባሶ ጫማ አድርገው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፤ ስለ መሬት የሚሉትን ሰምተን አንጠግብም ነበር። መሬት ለአራሹ ተባለ። አባዬን ሲጨፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በርኖሱን ጥሎ እንደ ጎረምሳ ትከሻውን ሰበቀ። «ለአራሹ ኸሆነ አራሹ እኔ አይደለሁም? ጨፌን ያረሰ ሌላ ማን አለ?» አለ። እኔም አብሬው ጨፍሬያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። የባላባቱ ሜዳ ለድሆች ሲከፋፈል እሰየው ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። መጋዘኑ ያኔ ባዶ ሆኖ ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ በተሰነጠቀው ሥር ምንጩ መንገዱን አግኝቶ ወጥቷል፤ ዳር ዳሩ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። እሱ ፈርሶ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል ብለን እንጠብቃለን።

አባዬን ጠሩት፤ ግን ሊመልሱለት አልነበረም። ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተቀምጦ፣ «ያ እህል ለምን ተበላሸ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ መዝገብ ሲታይ የአባዬ ጣት ተገኘ። ጭንጫ ነው ብሎ መንግሥትን ያሳሳተ እሱ ነው። አሻጥረኛ ነው። ሳፋሪ ለባሹ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም። ወይራው ሥር ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፣ ሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ነው፣ አባዬ መሐል ላይ ቆሟል። ሊቀ መንበሩ የኛው አገር ልጅ ነው፤ እማዬ የቀቀለችውን ድንች የበላ ሰው ነው። «ጓድ ይመር፣ ጭንጫ ያልሆነውን መሬት ጭንጫ ነው ያልክበትን ምክንያት ለሕዝብ አስረዳ» አለው። አያ ይመር ማለቱን ትቶ ጓድ ይመር አለው እኮ!

አባዬ ቆቡን አወለቀ። አማተበ። ከዚያ ደግሞ «ማሻ አላህ» አለ። እንደገና «ማሻ አላህ» አለ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ።

«ጭንጫ አይደለችም» አለ። «ዋሽቻለሁ፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ወገኖቼ፣ የጨፌን ያህል መሬት ኸዚህ እስከ ወረኢሉ የለም። ጧት ኸቤተ ክርስቲያን ስመለስ አፈሯን በመዳፌ ስይዝ ደስ ይለኝ ነበር። ዝናብ ሲቀር አትቀርም። ሽንኩርቷ ኸሩቅ ይሸታል። ድንቿ ማገዶ ሳይፈጅ የሚበስል ነው፣ የበላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሁላችሁም በልታችኋል። አባቴ ሲሞት ‹ልጄን አደራ› አላለኝም፣ ‹ጨፌን አደራ› ነው ያለኝ። እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው ፊት ለፊት ሲያሞግሱበት ምን ያድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እነሱም እንደዚያው ይሉ እንደነበር ያውቃሉ። አሻጥረኛ የሚለው ነገር እዚያው ቀለጠ፣ ሊቀ መንበሩም ገባው። «በነፃ ተሰናብተሃል» አለው። እኔ ጨፌ የተመለሰች መስሎኝ ተነሥቼ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን አልጨረሰም። እጁን አነሳና «ሆኖም፣ ጓድ ይመር ራሱ እንዳረጋገጠው፣ ይህ መሬት እጅግ ለም ነው። እንዲህ ያለ መሬት ለአንድ ግለሰብ መስጠት ከአብዮቱ ዓላማ ጋር አይሄድም። የማኅበሩ ይሆናል» አለ። ተጨበጨበ። ጨፌን በዓመቱ ማን እንዳረሳት አልናገርም፤ የሊቀ መንበሩ ዘመዶች ዛሬም አሉ፣ ሰላም እንባባላለን።

አባዬ ቆቡን ሳያደርግ በእጁ እንደያዘ ቤት ገባ። ቀን ነው፣ እማዬ በር ላይ ገብስ ትለቅማለች። ሰፌዱን ሳታስቀምጥ «ምን አሉህ?» አለችው።

«ጥሩ ነው አሉ፣ ወርቄ። መሬቱ በጣም ጥሩ ነው አሉ።»

«ተመስገን! እህሳ?»

«ጥሩ ስለሆነ ላንተ አይሆንም አሉኝ።»

እማዬ ሰፌዱን አስቀመጠች። የሱን ፊት አየች፣ የኔን ፊት አየች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። እንዲያው የምር ማወቅ እንደፈለገች ሁሉ፣ በቀስታ ጠየቀችው።

«ያኔ መጥፎ ነው ብለው ወሰዱብህ። ዛሬ ጥሩ ነው ብለው ከለከሉህ። ይመር፣ እንግዲያስ ለባለቤቱ የሚሰጠው ምን ዓይነት መሬት ነው?»